እርጥብ ሽማግሌዎች

ማሊኒ ቬራፔን በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሰማያዊውን ቀሚስ አውልቃ ቢጫውን፣ ቢጫውን አውልቃ መልሳ ሰማያዊውን ስትለብስ፣ ፀጉሯን ስትጎነጉን ስትፈታ ቆይታ፣ አባቷ ከደጅ ሆነው "ልጄ፣ አውቶቡሱ ጥሎን ሊሄድ ነው!" ባይሏት ኖሮ የደም ግፊት መለኪያዋን ረስታ ትወጣ ነበር። ነርስ ናት። የጉድላንድስ አረጋውያን ክበብ ሽርሽር ሲወጣ አብራ የምትሄደው ሥራዋ ስለሆነ ነው። ቢያንስ ለአባቷ የነገረቻቸው እንደዚያ ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ክበቡ ሌላ ጊዜ ሲሄድ የኖረው ወይ ቤተ መቅደስ ወዳለበት ሐይቅ ወይ ወደ ፖርት ሉዊስ ገበያ ነው። ዘንድሮ "በካታማራን እንሂድ፤ ደሴት ላይ እንዋል፤ በመነጽር ዓሣ እንይ" ብላ አሮጊቶቹን አንድ በአንድ ያሳመነችው ማሊኒ ናት። ከግራን ቤ ወደብ ከሚነሡት ከእነዚያ ሁሉ ባለ ሁለት ቀፎ ነጫጭ የሸራ ጀልባዎች መሀል አንዲቱን መርጣ "ይቺ ትሻላለች፤ ካፒቴኗ ጠንቃቃ ነው ይባላል" ያለችውም እሷው ናት። ይባላል! አይ ማሊኒ! ያንን ካፒቴን ከእሷ በላይ የሚያውቀው ማን ሆነና ነው።

ካፒቴኑ ዶሪኖ ይባላል። ከሮድሪግ ደሴት ለሥራ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ያየችው ተረከዙ ላይ የባሕር ጃርት እሾህ ተሰክቶበት ወደ ጤና ጣቢያዋ ሲመጣ ነበር። ነቀለችለት። በሳምንቱ ሌላ እሾህ ይዞ መጣ። ነቀለችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን "ሰውዬ፣ ሆን ብለህ ነው እንዴ የምትረግጠው?" አለችው። አንገቱን ደፍቶ "ሌላ በሽታ የለኝማ፤ ምን ብዬ ልምጣ?" አላት። ማሊኒ ያን ቀን እሾሁን ለመንቀል ከወትሮው ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባት።

እንዲህ ያለው ዝምተኛ ሰው ነው እንግዲህ ጥር ላይ፣ በሂንዱዎቹ የካቫዲ በዓል ጾም ሰሞን፣ ከማንም ሳይማከር ያንን ጉድ የሠራው። ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። ራሱ ያጠመደውን ክንድ የሚያህል ቀይ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለ። ብቻውን ሄዶ የቬራፔንን በር አንኳኳ። በእሱ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። በማሊኒ አባት፣ በሙሴ (አቶ እንደማለት ነው) ቬራፔን ቤት ግን በጾሙ ወቅት ዓሣ ቀርቶ የዓሣ ሽታ በደጅ አያልፍም። ጡረታ የወጡት መምህር ገና ከጸሎት መነሳታቸው ነበር። ዓሣውን አዩ። ልጁን አዩ። ከልጁ ኋላ ማን እንዳለ አዩ፤ ማንም የለም።

"ከነዓሣህ ተመለስ" አሉት። "ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ወገን የሌለው ሰው ደጄ ላይ አይቁም።"

በሩ ተዘጋ። ማሊኒ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ወሬው በማግስቱ ጉድላንድስን አዳረሰ፤ "የጾሙ ዓሣ" እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል፤ የሰውየውን ማንነት ግን ማንም አላወቀም።

አሁን ደግሞ ነገ፣ እሁድ፣ ከኪዩርፒፕ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ልጅ ያላቸው የተከበሩ ሰዎች በሽማግሌ ሊመጡ ነው። አባቷ እሺ ሊሉ አስበዋል። ስለዚህ ያለው ዛሬ ብቻ ነው። ዶሪኖ በስልክ ምሎላታል፤ ደሴቱ ላይ አባቷን ዳግመኛ ይጠይቃቸዋል። ማሊኒ ግራን ቤ ላይ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ፀጉሯን እንደገና ስትነካካ የነበረው ለዚህ ነው።

ዶሪኖ ከጀልባዋ ጫፍ ቆሞ አረጋውያኑን አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዘ ያሳፍራል። "አያቴ፣ አይዞሽ፣ እግርሽን እዚህ። ቶንቶን፣ ቀስ።" በአገሩ ትልቅ ሴት በአክብሮት ታንቲን (አክስት)፣ ትልቅ ወንድ ቶንቶን (አጎት) ይባላሉ። ተራው የሙሴ ቬራፔን ሲሆን ሁለቱ ተያዩ።

"አንተ የዓሣው ልጅ አይደለህም?" አሉ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ነኝ ሙሴ።"

አባቷ ጀልባዋን ላይ ታች አዩዋት፤ ከዚያ ዞረው ማሊኒን አዩዋት። ፊቷ እሳት ሆነ። የሚመለሱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። "እንግዲህ ዛሬ እንግዳህ ነኝ" አሉት፤ "ቀኔን አታበላሽብኝ፤ እኔም ያንተን አላበላሽም።"

ዶሪኖ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ማሊኒንም እንደሌላው ሰው አሳፈራት፤ ነገር ግን ዓይኑን ወደ ገመዱ አዞረ። ይህን ያህል ቀን የናፈቀችው ዓይን አላያትም።

*

ሸራው ተከፍቶ ነፋሱን ሲይዝ ጀልባዋ ወደፊት ተወነጨፈች፤ አሮጊቶቹም እልልታቸውን አቀለጡት። የአገሩ የጭፈራ ዘፈን፣ ሴጋው፣ ተከፈተ። ከፊት ለፊት በተወጠረው መረብ ላይ ታንቲን ሶማ ሳሪያቸውን ሰብስበው ተዘርፍጠዋል። ታንቲን ሶማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰባን ያለፉ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ማዕበሉ ከመረቡ ሥር ዘልሎ እስከ ወገባቸው ሲያረጥባቸው "ድገም! ድገም!" እያሉ በባሕሩ ላይ ይጮኻሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩት ቶንቶን ኢድሪስ ደግሞ ምሰሶውን ይዘው ቆመው "ቀጣዩ ኳን ደ ሚር! ወራጅ አለ?" ይላሉ። ያ ትልቅ ሾጣጣ ድንጋይ ከባሕሩ መሀል ብቅ ሲል፣ ነጫጭ ባለ ረጅም ጭራ ወፎች ከገደሉ ላይ ሲነሡ፣ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ዝም አለ። ዝምታው ግን ከቶንቶን ኢድሪስ ሁለተኛ ጥሪ በላይ አልቆየም።

"ታንቲን፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል" አለች ማሊኒ መለኪያዋን ይዛ።

"ከፍ ይበል! ዛሬ ካልጨመረ መቼ ሊጨምር ነው?"

አባቷ ከጥላው ሥር ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል። የተወለወለ ጫማቸውን ከነካልሲው አላወለቁም። ማሊኒ አየቻቸው፤ ወደዚህ አያዩም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መሪውን ወደጨበጠው ወደ ዶሪኖ ሄደች።

"መቼ ነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ምኑ ትላለህ እንዴ? ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ? ልቤ እኮ ሊወልቅ ነው!"

ዶሪኖ ዓይኑን ከሸራው ላይ ሳያነሳ "ዛሬ አልጠይቅም፣ ማሊ" አላት።

ማሊኒ ልትሰጠው የዘረጋችውን ብርጭቆ መልሳ ያዘችው።

"አባትሽ 'እንግዳህ ነኝ' አሉኝ፤ ሰምተሻል" አላት። "ጀልባዬ ላይ ናቸው። ቢቆጡ እንኳ ተነሥተው የሚሄዱበት የላቸውም። ሰው እንደዚህ አጥሬ ይዤ ልጅህን ስጠኝ ማለት አልችልም። ደግሞስ ከጥር ወዲህ ምን ተለወጠ? አሁንም ብቻዬን ነኝ። አለቃዬን 'ሽማግሌ ሁነኝ' ብዬ ለመንኩት፤ ሳቀብኝ።"

"ነገ እኮ ሰዎቹ ይመጣሉ!"

"አውቃለሁ።"

"አውቃለሁ? በቃ? 'አውቃለሁ' ብለህ ልትሸኘኝ ነው?"

"ማሊ፣ ቀስ በይ፣ ሰው..."

"ፈሪ!" አለችው። ድምፅዋ ከአፏ የወጣው ሴጋው በሁለት ዘፈን መሀል ሲያርፍ ነበርና ቶንቶን ኢድሪስ ዞረው አዩ። ማሊኒ ውሃውን ራሷ ጠጣችውና ብርጭቆውን አስቀምጣ ሄደች። ዶሪኖ መሪውን ጨብጦ ቀረ፤ አልተከተላትም። ከኋላዋ ሴጋው እንደገና ሞቀ፤ አሮጊቶቹ ወገባቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። እሷ ግን ከፊት ጫፍ ቁጭ ብላ፣ ጨዋማው ነፋስ ፊቷን እየመታት፣ ይህን ሰው እንደጠላችው ለራሷ ነገረች። ልቧ አላመናትም።

*

ከገብርኤል ደሴት ፊት ለፊት ያለው ውሃ ከጀልባዋ ሆኖ ላየው ማን በወተት እንደበጠበጠው የማይታወቅ ሰማያዊ ነው። ዶሪኖ መልሕቁን ጣለ፤ ምሳ የሚጠብሰው ሠራተኛ ፍሙን ማራገብ ጀመረ። ሙሴ ቬራፔን በትንሿ ጀልባ ወደ አሸዋው ተወስደው ከሸውሸዌ ዛፎች ሥር ጋዜጣቸውን እንደገና ዘረጉ። የቀሩት ደግሞ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ፊታቸው ላይ አስረው ሲጨርሱ እርስ በርሳቸው እየተያዩ በሳቅ ፈረሱ።

"ኢድሪስ፣ ይሄን ነገር ካሰርክ በኋላ አምሮብሃል" አሉ ታንቲን ሶማ።

"ፊቴ ስለተሸፈነ ነዋ!"

"እሱን ማለቴ ነው።"

ዶሪኖ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ "ትንፋሽ በአፍ ብቻ" ይላቸዋል። "አትቸኩሉ። ባሕሩ የትም አይሄድም። የፈራ እጄን ይያዝ፤ ኮራሉን እንዳትረግጡ።" አንዷን ያዋኛል፤ ይመልሳል፤ ሌላዋን ይይዛል። አንገታቸውን ከፍ ያደርግላቸዋል፤ መነጽራቸውን ጉም እንዳይይዘው በምራቁ አጥቦ ያስርላቸዋል። አንዴ እንኳ ሲሰለች አልታየም። ማሊኒ ከዳር ሆና የነፍስ አድን ጎማውን ይዛ አየችው። ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋን ግን ይዛ ለመቆየት በጣም ትታገል ነበር። እንዲህ የሰው እናት የሚይዝ ሰው የሰው ልጅ ቢይዝ እንዴት ነበር?

ታንቲን ሶማ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። እጃቸው የዶሪኖን እጅ ቆልፎ ይዞ ነበር። ቢጫና ጥቁር ዓሦች ከሥራቸው በመንጋ አለፉ፤ አንድ አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን ቀርጠፍ ቀርጠፍ ሲያደርግ ድምፁ ይሰማል። ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ቀና ብለው ቱቦውን ከአፋቸው አወጡና ያ ምላስ የተያዘ ያህል ዝም አሉ።

"ይሄ ሁሉ..." አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር? የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆኜ፣ እነዚህን ዓሦች የማውቃቸው ድስት ውስጥ ብቻ ነው!" ዕንባቸው ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ከውሃው ይውጡ ቢሏቸው ማን ሊሰማ! ቶንቶን ኢድሪስም በደረታቸው ተንሳፍፈው ብዙ ከመቆየታቸው የተነሣ ሰው ደንግጦ ሲነካካቸው "ተዉኝ! ፌርማታዬ አልደረሰም!" ብለው ፊታቸውን መልሰው ነከሩ። ማሊኒ በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መሀል ከት ብላ ሳቀች።

"እህ፣ ነርስ" አሉ ታንቲን ሶማ እየተንሳፈፉ ወደ እሷ ቀርበው። "ይሄ ልጅ ሁላችንንም እጃችንን ይዞ አዋኘን። አንቺን ግን ዞር ብሎ አላየሽም። ምን አድርገሽው ነው?"

"ምንም፣ ታንቲን።"

"ዓይንሽስ ምን ሆነ?"

"መነጽሬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው።"

"ከውጭ ነው ከውስጥ የገባው?"

ማሊኒ መነጽሯን አወለቀች። ሊይዙት የማይችሉት ነገር ነበር፤ እዚያው ደረቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ ሁሉንም አፈረጠችው። እሾሁን፣ በሩን፣ ነገ የሚመጡትን ሰዎች፣ በመሪው ዘንድ የተባባሉትን። ታንቲን ሶማ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

"የጾሙ ዓሣ ሰውዬ ይሄ ነው?" አሉና ባሕሩን በጥፊ መቱት። "ኢድሪስ! ና! ኑ ሁላችሁም! የጾሙ ዓሣ ሰውዬ ተገኘ!"

አረጋውያኑ ከየአቅጣጫው እየተንቦጫረቁ ተሰበሰቡ። ዶሪኖ አደጋ መስሎት እየዋኘ ሲደርስ መነጽር ባደረጉ ሽበታሞች ተከቦ ራሱን አገኘው።

"አንተ ልጅ፣ በጾም ወቅት ዓሣ ይዘህ ስትሄድ ጭንቅላትህን የት አስቀምጠኸው ነበር?" አሉት ታንቲን ሶማ።

ዶሪኖ ማሊኒን አያት፤ አቀረቀረ። "አላወቅሁም ታንቲን። የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም።"

"እናትህስ?"

"ትንሽ ልጅ ሆኜ ሞተች። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ እሷም የለችም። አንድ አጎት ነበረኝ፤ ባሕር ላይ ቀረ።"

"ለዚህ ነው ብቻህን የሄድከው?"

"ማንን ይዤ ልሂድ?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ማሊኒ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን "ማንን ይዤ ልሂድ" ሲል ሰምታው አታውቅም። "ፈሪ" ያለችው ምላሷ መረራት።

ታንቲን ሶማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጠዋት ስታሳፍረኝ 'አያቴ፣ አይዞሽ' ነው ያልከኝ ወይስ ጆሮዬ ነው?"

"ብያለሁ።"

"በል እንግዲያው። አያትህ ልጅ ልትጠይቅልህ ነው።"

"አይሆንም ታንቲን! ሙሴ እንግዳዬ ናቸው። ቃል..."

"ያንተ እንግዳ ነው" አሉ ቶንቶን ኢድሪስ። "እኛ ግን እንግዳችን አይደለም፤ ሊቀመንበራችን ነው። ሊቀመንበርን ማስጨነቅ የአባላት መብት ነው።"

ማሊኒ መፍራቷ ይሁን መደሰቷ ለራሷም አልለየላትም።

*

ሙሴ ቬራፔን ከጋዜጣቸው ቀና ሲሉ ያዩት ነገር ዕድሜ ልካቸውን የሚረሱት አይደለም። የጉድላንድስ አረጋውያን ክበብ አባላት በሙሉ፣ ከነሰደርያቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ በሰልፍ ከባሕር ይወጣሉ። ከፊት ታንቲን ሶማ ናቸው። እጃቸው ላይ ከጀልባዋ ያመጡት ትሪ አለ፤ ትሪው ላይ አናናስ፣ ሙዝና ኮኮናት። ከኋላ ቶንቶን ኢድሪስ "ዓሣ የነካው ትሪ እንዳይሆን! ዓሣ የነካው እንዳይሆን!" እያሉ ያስጠነቅቃሉ።

"ምን ሆናችሁ? ሰው ሰጠመ?" አሉ ሙሴ ቬራፔን ብድግ ብለው።

"ሊሰጥም የደረሰ አለ፤ ስለ እሱ ነው የመጣነው" አሉ ታንቲን ሶማ። ትሪውን አሸዋው ላይ አስቀመጡ። እርጥቡን ሳሪ ራሳቸው ላይ ሳቡ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ቀልዱ ጠፋ። "ሙሴ ቬራፔን፣ ይቀመጡ። እኛ የዚህ ልጅ ወገኖች ነን። ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።"

"የዚህ ልጅ ወገኖች? ከመቼ ወዲህ?"

"ከጠዋት ወዲህ።"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሙሴ ቬራፔን አልሳቁም። ተቀመጡ፤ ጋዜጣውን በዝግታ አጠፉ። አረጋውያኑም በየነበሩበት አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ዶሪኖ ብቻ ቆመ። በቬራፔን ዘር ጠያቂው ልጅ የልጅቷ አባት "ተቀመጥ" እስኪለው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል፤ ካላለው ሽማግሌዎቹ ትሪያቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ይህን የማያውቅ ጉድላንድስ ውስጥ የለም። ዶሪኖንም እየወጡ ሳሉ ነግረውታል።

"እምነቱ ሌላ ነው" አሉ ሙሴ ቬራፔን። "አገሩ ሌላ ነው። ነገ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ምን እላቸዋለሁ?"

"ሌሎች ሽማግሌዎች ቀደሟችሁ በላቸው" አሉ ቶንቶን ኢድሪስ።

"ኢድሪስ፣ እኔ አልቀልድም። ሥራው ባሕር ነው። ማዕበል በተነሣ ቁጥር ልጄ መስኮት ላይ ቆማ እንድታድር ነው? ሶማ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሰጪ ነበር?"

ታንቲን ሶማ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። "እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አድሬያለሁ" አሉ። "ብዙ ሌሊት። ግን ጀልባው ብቅ ሲል የነበረኝን ደስታ፣ ሙሴ፣ የሒሳብ ባለሙያ ሚስት በሕልሟም አታየውም።"

ነፋሱ ሸውሸዌዎቹ መሀል አለፈ። ሙሴ ቬራፔን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ማሊኒ ከአረጋውያኑ ኋላ ቆማ፣ የነፍስ አድን ጎማውን እስካሁን እቅፍ አድርጋ እንደያዘችው ነበር።

"ነይ ወደዚህ።"

ሄደች።

"ያን ቀን በሩን ስዘጋ ከመጋረጃው ኋላ እንደነበርሽ አውቅ ነበር" አሏት። "እግርሽ ይታይ ነበር። ትቆጣኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ዕቃ ትሰብራለች ብዬ ጠበቅሁ። በማግስቱም ጠበቅሁ። አንቺ ግን 'ሻይ ላፍላልዎት?' አልሽኝ። እኔም 'እንግዲህ ልጁን ያን ያህል አልፈለገችውም' አልኩ። እናትሽ ብትኖር ታውቅልኝ ነበር። እኔ የሰው ዝምታ ማንበብ አልችልም፣ ልጄ።"

ማሊኒ ይህን ሁሉ ወር አባቷን ጨካኝ፣ ዛሬ ደግሞ ዶሪኖን ፈሪ ስትል ነበር። አንዱ በሩን ዘግቶ የእሷን ድምፅ ሲጠብቅ ነበር፤ ሌላው ወገን ሳይኖረው ብቻውን ሄዶ አንኳኩቷል። አፏን ዘግታ የተደበቀችው እሷ ናት። ፈሪዋ እሷ ነበረች።

"እወደዋለሁ፣ አባዬ" አለች።

"አልሰማሁም። ነፋስ ነው።"

ጎማው ከእጇ ወደቀ። "እወደዋለሁ!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ ከውሃው ማዶ ካለው ደሴት ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! "እወደዋለሁ! እሾህ ይዞ ሲመጣ ጀምሮ እወደዋለሁ! ነገ የሚመጡት ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ይባረኩ፤ እኔ ግን እነሱን አልፈልግም። ቢከለክሉኝ ጠፍቼ አልሄድም፤ የእርስዎ ልጅ ነኝ። ግን ደስ ብሎኝ አያዩኝም፤ ሻይ እያፈላሁ አረጃለሁ! ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አሁን እየተናገርኩ ነው፣ አባዬ። ይኼው እየተናገርኩ ነው!"

ዕንባዋ ከባሕሩ ጨው ጋር ተቀላቅሎ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። አሮጊቶቹ በእርጥብ ሳሪያቸው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ጀልባዋ ላይ ምሳ የሚጠብሰው ሠራተኛ እንኳ ማራገቢያውን ይዞ ደርቋል።

ሙሴ ቬራፔን ልጃቸውን አዩ። እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም። ዓይናቸው ቀላ። ወደ ትሪው አዩ፣ አናናሱን በጣታቸው ነካ አድርገው አስተካከሉት። ከዚያ ቀና ብለው፣ በጣም ቀና ብለው፣ ያን ረጅም ሰው አዩት። ዶሪኖ እጆቹን አጣምሮ፣ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ የሚሰግድ ያህል ተጎንብሶ ቆሟል።

"አንተ።"

"አቤት፣ ሙሴ።"

"ማዕበል ሲኖር ትወጣለህ?"

"አልወጣም።"

"አለቃህ ውጣ ቢልህስ?"

"አልወጣም፣ ሙሴ። የሚጠብቀኝ ሰው ካለ አልወጣም።"

ሙሴ ቬራፔን የታጠፈውን ጋዜጣ ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ቁጭ በል" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እንደገና ለማጥበቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ቁጭ በል፣ ልጄ። አንገቴን አሳመምከኝ።"

እልልታው ደሴቱን አናወጠው። ቶንቶን ኢድሪስ ሰደርያቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ ወረወሩ። ታንቲን ሶማ ሙሴ ቬራፔንን ከነጋዜጣቸው አቅፈው አረጠቧቸው። ዶሪኖ ተቀመጠ አይባልም፤ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ፤ ፊቱንም በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ማሊኒ አጠገቡ ተንበረከከች፤ አባቷ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጆቹን ከፊቱ ላይ ቀስ ብላ አነሣቻቸው። ዓይኑን ፈለገችው። አላሸሸባትም። ያን ያህል ደስታ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ደረቷ አልበቃው ብሎ አመማት፤ እሷም ሕመሙን ወደደችው።